መስመር የሌለው መነጽር

የሸበተ ፀጉር ይቀባል፣ የወለቀ ጥርስ በከንፈር ይሸፈናል። ዓይን ግን ያጋልጣል። የመድኃኒት ብልቃጥ ይዛችሁ ጽሑፉን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስታነቡ ያያችሁ ሁሉ ዕድሜያችሁን ያውቃል። አልደረሰባችሁም? ይደርስባችኋል።

ገዳሪፍ ገበያ መነጽር ልገዛ ስገባ ባለሱቁ ገና እግሬ ደጃፉን ሳያልፍ «ያ ሐጅ» አለኝ። ያናደደኝ ክርስቲያን መሆኔ አይደለም፤ ሱዳን ውስጥ ሸምገል ያለ ሁሉ እንዲያ እንደሚጠራ ማወቄ ነው። መሃሉ ላይ መስመር ያለበትን መነጽር ሲያሳየኝ ገፋሁት፤ ያንን ያደረገ ሰው እርጅናው ከሩቅ ይታወቅበታላ! መስመር የሌለውን፣ ከላይ የሩቁን ከታች የቅርቡን የሚያሳየውን መረጥኩ። እስክለምደው እንደሚያስቸግረኝ ነግሮኝ ነበር። ለሰፈር ሰው ግን «ለአቧራው ነው» አልኩ። የገዳሪፍ አቧራ ስንቱን ውሸት ተሸከመልኝ!

በዚያው ሰሞን ቁረይሻ በሚባለው የእርሻ ቦታ ትራክተር የሚነዳው የጎረቤቴ ልጅ መላኩ፣ እኔንና አያ ምስጋናውን ሽማግሌ ላከን፤ የሚወዳትን ልጅ ከአባቷ ከአያ ካሳው እንድንለምንለት። ከደጃፋቸው ጀምሮ መሬቱ ዋለለብኝ፤ ደረጃ በሌለበት እግሬን እንደ ዶሮ እያነሳሁ ገባሁ። እንደ ወጉ አንገቴን ስደፋ ዓይኔ ከመነጽሩ በላይ አለፈና የአያ ካሳው ፊት ጭጋግ ሆነብኝ። ይሳቁ ይቆጡ እንጃ። አገጬን ቀና ሳደርግ ጠራልኝ። በጎን ለማየት ደግሞ መነጽሩ አይፈቅድም። ስለዚህ አገጬን ሰቅዬ፣ አፍጥጬ፣ «ልጅዎን ለልጃችን» አልኩ።

«አንቱ ሰውዬ፣» አሉ አያ ካሳው፣ «ልጄን ሊለምኑ ነው የመጡት፣ ወይስ ግመል ሊመርጡ?»

«መነጽሩ ነው» ብል ይበቃ ነበር፤ ስቀው ያልፉት ነበር። ነገር ግን «ለአቧራው ነው» ያልኳቸው አያ ምስጋናው አጠገቤ ነበሩ። አገጬን እንደሰቀልኩ ቀረሁ። «ለእናንተ የምትሆን ልጅ የለችኝም» ተባልንና ወጣን።

መላኩ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ፊታችንን አይቶ ገባው። የሱን ፊት በየትኛው በኩል እንዳየሁት እንጃ፣ ጥርት ብሎ ታየኝ። አፈርኩ። እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ሽምግልና መመላለስ ነውና በሳምንቱ መነጽሩን ኪሴ ከትቼ ተመለስን። ሁሉም ስለተድበሰበሰብኝ፣ እንዳልደናቀፍ መሬት መሬቱን እያየሁ ገባሁ፤ እስክንወጣም ቀና አላልኩ። «እንዲህ ነው እንጂ ሽማግሌ!» አሉ አያ ካሳው፤ ልጅቷንም ሰጡን።

መነጽሩን አሁን ለምጄዋለሁ። በትሕትናዬ ስሜ ወጥቶ ከከሰላ ድረስ ለሽምግልና ይጠሩኛል። በቀደም መላኩና ሚስቱ መጥተው ወንድ ልጃቸውን ክርስትና እንዳነሳላቸው ለመኑኝ።

«ትሕትናዎ እንዲጋባበት ብለን ነው» አለኝ መላኩ።

መነጽሬን አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እሺ አልኩ።