ለአቶ ሀይሌ ጥለት መቅረጫ የሚሆን ሚሞሪ ካርድ ስለመምረጥ

ዓርብ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ «ቀጭን ፈትል» የሸማኔዎች ማኅበር መሸጫ ሱቅ ውስጥ ለ8፡00 የተጠራው ስብሰባ 8፡50 ተጀመረ። ከስድስቱ የኮሚቴ አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

የተገኙ፦ አቶ ኃይለመስቀል (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ አሰፋሽ (ንብረት ክፍል)፣ አቶ ክንፉ (አባል፣ ሸማኔ)፣ አቶ ዮናስ (አባል፣ ፎቶ አንሺ)፣ ወ/ሪት አቢጋኤል (ጸሐፊ)።
ያልተገኙ፦ አቶ አስናቀ (ጨንቻ ለቅሶ ሄደው)።

1. የጉዳዩ አመጣጥ
ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ የዶርዜው ሸማኔ አቶ ሀይሌ ዓይናቸው በመድከሙ የያዙት ሥራ የመጨረሻቸው ነው። ከአባታቸው የወረሱትን ጥለት ከእሳቸው በቀር የሚሠራ የለም። በማኅበሩ አዲስ ካሜራ ለመቀረጽ ተስማምተው ከጠዋት ጀምሮ የሽመና ዕቃቸውን ሱቁ ግቢ ውስጥ ተክለው እየጠበቁ ነው። ካሜራው ካርድ የለውም።

2. ካርድ መምረጥ
አቶ ዮናስ ቪዲዮ ሳያቆራርጥ የሚቀዳ፣ ባለ 64 ጊጋ ፈጣን ካርድ ከታወቀ ሱቅ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ክንፉ ግን አቶ ሀይሌ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው መሆኑን ጠቅሰው፣ ለዝግተኛ ሰው ፈጣን ካርድ መግዛት ብክነት ነው ሲሉ ተቃወሙ። አያይዘውም መናኸሪያ አጠገብ ከአዟሪ የገዙትን፣ «2 ቴራ» የሚል ካርድ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አቶ ዮናስ የተጻፈበትና የሚይዘው ላይገናኝ ይችላል ሲሉ፣ አቶ ክንፉ ቁጥሩ የታተመ እንጂ በእጅ የተጻፈ አለመሆኑን አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ የአቶ ክንፉ ካርድ በሦስት ለሁለት ድምፅ ተመረጠ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶ ለመቀበል የዘረጋችው እጅ እንደ ሦስተኛ ድምፅ ተቆጥሯል።

3. የካርዱ ደኅንነት
የተቀዳውን ማንም እንዳያጠፋ በካርዱ ጎን ያለችው መቆለፊያ ሁልጊዜ ተቆልፋ እንድትቀመጥ አቶ ክንፉ ጠየቁ፤ ጸደቀ። አቶ ዮናስ በተቆለፈ ካርድ ላይ ምንም እንደማይቀዳ ገለጹ። ሰብሳቢው ይህ አስተያየት ከድምፅ አሰጣጡ በፊት መቅረብ እንደነበረበት አስታውሰው ወደሚቀጥለው አለፉ።

4. ሙከራ
ወ/ሮ አሰፋሽ «እስቲ ይሞከር» አሉ። ለሙከራ ብቻ መቆለፊያው እንዲከፈት ተወስኖ፣ ሰብሳቢው ስለ ማኅበሩ አመሠራረት አርባ ደቂቃ ተናገሩ። በዚህ ጊዜ አቶ ዮናስ ጥግ ይዘው፣ ሠርግ በሚያነሱበት የራሳቸው ካርድ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ላፕቶፓቸው ገልብጠው ካርዱን ባዶ አደረጉ። የተቀዳው ሲታይ ከንግግሩ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ብቻ ተገኙ። ሰብሳቢው እንደገና ለመናገር ፈቃደኛ መሆናቸውን ሲገልጹ፣ ካርዱ የያዘው በቂ መሆኑ በቀሩት አባላት ሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ክንፉ ይህን ለካርዱ እንደተሰጠ ምስጋና ወስደውታል።

ውሳኔው እየተጻፈ ሳለ ወ/ሮ አሰፋሽ ካሜራውን አንስተው ከአቶ ዮናስ ጋር ወጡ። ምልዓተ ጉባኤ በመጓደሉ ሰብሳቢው ሊጠሯቸው ወደ ግቢው ሄዱ፤ የቀረነውም ተከተልን።

5. ልዩ ልዩ
አቶ ሀይሌ እየሠሩ ነበር። አቶ ዮናስ የራሳቸውን ካርድ ካሜራው ውስጥ ከትተው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው የሽማግሌውን እጆች ይቀርጹ ነበር። የአንዱ ጫፍ ጥለት ሲያልቅ አቶ ሀይሌ ካሜራውን ተቀብለው ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ተመለከቱ።

«ግራ እጄ የአባቴን እጅ መስሏል» አሉ። እንዲደገምላቸው ጠይቀው ሦስት ጊዜ አዩ።

በሦስተኛው ላይ አቶ ክንፉ ከኋላቸው አጎንብሰው «አባቴ፣ ያቺ ቀይ ክር ከላይ ነው ከታች የምታልፈው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከዚያ አይታይም። ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

ውሳኔ
አባላቱ በግቢው ተሟልተው ስለተገኙ፣ ከተራ ቁጥር 2 እስከ 4 የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ሳይመረጥ የሠራው የአቶ ዮናስ ካርድም እንደተመረጠ እንዲቆጠር በአራት ድምፅ ተወስኗል። አቶ ክንፉ በአቶ ሀይሌ ቦታ ላይ ተቀምጠው፣ አቶ ሀይሌ እጃቸውን ይዘው እየመሯቸው ስለነበር ድምፅ አልሰጡም።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡25 ተበተነ። የአቶ ክንፉ ፊርማ እጃቸው ክር ሲለቅ ይወሰዳል።

አቢጋኤል፣ ጸሐፊ