ደንጋጩ ታደሰና ፈረሱ

ከደንጋጭ ሰው ጋር ጎረቤት ሆናችሁ ታውቃላችሁ? በደርግ ጊዜ የጉለሌው ጎረቤቴ፣ መምህር ታደሰ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባ ነበር። ያንኳኳችው ወንፊት ልትዋስ የመጣች ሴት ብትሆንም ያው ነው! በመጨረሻ ሚስቱ ታከታትና ሸጎሌ ፈረስ ግልቢያ ወደሚያስተምሩት ጡረተኛ ወታደር፣ ወደ ጋሽ ወልዴ ላከችው።

«አንተ ስትፈራ ፈረሱም ይፈራል» አሉት ጋሽ ወልዴ። «ልጓሙን ላላ አድርግና ቀስ ብለህ ተንፍስ።»

ታደሰ እየወደቀ እየተነሣ ተማረ። አንድ እሑድ ታዲያ ፈረሱ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ደንብሮ ስብሰባችን መሀል ይዞት ገባ። «አብዮታችንን ከማንም እንጠብቃለን!» እያሉ ሲፎክሩ የነበሩት ሊቀመንበር ጠረጴዛ ሥር ተወሸቁ። ታደሰ ግን በረጅሙ ተነፈሰ፤ ፈረሱም ቆመ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይውጡ፤ አይናከስም» አላቸው።

እኛ አለቀለት ብለን በሆዳችን ድንኳን ተከልንለት። የነካው ግን የለም። በሳምንቱ ሸጎሌ ብሄድ ሊቀመንበሩ ሽጉጣቸውን ለጋሽ ወልዴ አስይዘው ኮርቻ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

«ለማንም እንዳትናገር!» አሉኝ።

ለማን ልናገር? እኔስ ተራ ይዤ አይደል የቆምኩት?