የጉደሩ አድሚራል

ከባሕር በራቀ ከተማ ሁሉ አንድ የባሕር ኃይል ጡረተኛ አይጠፋም፤ ቤቱም የግድ ከእናንተ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። የእኔ ዕጣ ጉደር ላይ ደረሰኝ። ክቡር አድሚራል ኦቦ ኤጄታ! ምጽዋ ላይ የመርከብ ሞተር ዘይት ይቀይሩ እንደነበር ባለቤታቸው አዴ ጋዲሴ ነግረውኛል፤ በአድሚራልነት የሾማቸው የጉደር ባጃጅ ነጂ ነው። እሳቸው ግን ሹመቱን ከልባቸው ተቀበሉት።

«በባሕር ኃይል ቢሆን!» ይላሉ። የዕድር ድንኳን ስንተክል፣ «በባሕር ኃይል ቢሆን ገመድ እንዲህ አይታሰርም!» ልብስ ሳሰጣ በአጥር ላይ ብቅ ብለው፣ «በባሕር ኃይል ቢሆን እንዲህ የተሰጣ ሸሚዝ ያስቀጣል!» የራሴን ሸሚዝ፣ በራሴ ግቢ! ደሜ ይፈላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የዚያ መኮንን ነገር ነው። ኖርዌያዊ አሰልጣኛቸው ነገራቸው አሉ። ዴንማርክና ኖርዌይ በአንድ ንጉሥ ሥር ሆነው ስዊድንን በሚወጉበት ዘመን አንድ ወጣት የባሕር መኮንን ነበር። በትንሽ መርከብ ትልቅ መርከብ ገጥሞ ሲዋጋ ባሩድ አለቀበት። ለጠላቱ፣ «ውጊያው ደስ ብሎኛል፤ እንድንቀጥል ባሩድ አበድረኝ» ብሎ ላከ። ጠላት አላበደረውም፤ ለጤናህ ተባብለው ጠጡና ተለያዩ። መኮንኑም ከተራ መርከበኝነት ተነስቶ አድሚራል ሆነ። ይህን ታሪክ በሠርግ ሰምቼዋለሁ፣ በለቅሶ ሰምቼዋለሁ፣ ጥርሴን ልነቀል ወረፋ ይዤ እንኳ ሰምቼዋለሁ። የሰፈሩ ልጅ ስለ አያቱ ከሚያውቀው ይልቅ ስለዚያ ፈረንጅ የሚያውቀው ይበልጣል።

በ2010 መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ባለቤቴን ቀንዓን ትርፍ አንጀት ያዘው። የጤና ጣቢያው ሰው፣ «ቶሎ አምቦ ካልደረሰ ይፈነዳል» አለኝ። ጎረቤታችን ዘገየ ፒክአፑን አስነሳ። ባሌን ከኋላ ስናስተኛ ክቡርነታቸው ጋቢና ገብተው ቁጭ! «ያለ አዛዥ ጉዞ የለም!» ባሌ ያቃስታል፣ እሳቸው መኮንናቸውን ጀመሩለት! እስቲ እግዜር ያሳያችሁ!

አምቦ ሳንደርስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። የዘጉት ጓደኞቻቸው የታሰሩባቸው ወጣቶች ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ዛሬ ማንም አያልፍም!» ዘገየ ለመናቸው፣ እኔ አለቀስኩ። «ሁሉም በሽተኛ ይዣለሁ ነው የሚለው» አሉን። አድሚራሉ በሩን ሲከፍቱ ኮታቸውን ጨምድጄ ያዝኩ።

«ኦቦ ኤጄታ፣ ስለ ፈጠረዎት! ዛሬ እንኳ አፍዎን ይዝጉልኝ! በእርስዎ ምላስ ባሌ ሊሞት ነው!»

ኮታቸውን ከእጄ አስለቀቁ። ወረዱና ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጩ። በሁለት እጃቸው ይዘውት፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። እኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲለምን እምቢ ማለት ነውር ነው፣ እርግማኑም ይደርሳል።

«ልጆቼ፣ ማሎ፣ እባካችሁ! ሰው እየሞተብኝ ነው» አሉ። ስለ ባሕር ኃይል አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

አንዱ ወጣት የያዘውን ድንጋይ ጥሎ ሮጠ። «አባ ኮ፣ አባቴ፣ ተነሱ! ምነው እንዲህ ያደርጉናል?» እያለ ብብታቸውን ይዞ አነሳቸው። ሌሎቹ ድንጋዩን ገለል አደረጉልን። ቀንዓ ይኸው ዛሬ አጠገቤ ያንኮራፋል።

ታዲያ እሳቸው ይህን አንድም ቀን አውርተውት አያውቁም! ባለፈው የዕድር ስብሰባ ላይ ነጋዴው ሚልኪያስ፣ «እርስዎ የሰው ጀግንነት ከማውራት በቀር ምን ሠርተው ያውቃሉ?» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ብድግ አልኩ።

«ተቀመጪ!» ብለው ጮሁብኝ። ተቀመጥኩ። ስንወጣ አፋጠጥኳቸው።

«ሲያዋርዱዎት ዝም ልበል? ለምን አልናገርም?»

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እነዚያ ልጆች ወግ ማዕረግ ማየት አለባቸው። ሽማግሌ አስፋልት ላይ አንበረከኩ ተብሎ ስማቸው ከተነሳ ነገ ማን ልጁን ይድርላቸዋል?»

በእልህ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ልጆቹ እነማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ባውቅም አልናገርም። የሚልኪያስን ሳቅ ግን ልችለው አልቻልኩም፣ ስለዚህ ትእዛዝ ጥሼ ጻፍኩት። ክቡርነታቸው ይቆጡ፣ ይጩሁብኝ። ከእንግዲህ በእሳቸው የሚስቅ ግን መጀመሪያ እኔን ይለፍ።