በጣውላ መግዣ ቅጽ የጌም ስቱዲዮ ለመግዛት የተቀመጠው ኮሚቴ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ አንደኛው ቀን

ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡47 ተጀመረ። የዘገየው የትኛው ወንበር የማን እንደሆነ ሰፊ ምክክር ስለተደረገበት ነው።

ቦታ፦ የጌም ማጫወቻ ማምረቻ ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይከፈተው ክፍል

የተገኙ
1. የድርጅቱ መሥራች፣ ሰብሳቢ (አያቴ)
2. የሽያጭ ኃላፊ፣ አባል (አጎቴ)። ጌም ማጫወቻ ሲሸጡ ዐሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሲጫወቱ ግን ያየ የለም።
3. የፋብሪካ ኃላፊ፣ አባል (አክስቴ)
4. የሕግ አማካሪ፣ አባል፣ በሠራተኛው ዘንድ «በመርህ ደረጃ» በመባል የሚታወቁ። ከ9፡05 ጀምሮ ስብሰባውን ዓይናቸውን ጨፍነው ተከታትለዋል።
5. የሰብሳቢው የልጅ ልጅ፣ ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌላት። ስትሾም የተሰጣት መመሪያ «እጅሽ ይሥራ፣ አፍሽ ይረፍ» የሚል ነው።

ኮሪደር ላይ የሚጠብቁ፦ እህቴ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት አባላት ይላል፤ የተገኙት አራት ናቸው። ሰብሳቢው «እኔ እንደ ሁለት አልቆጠርም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። አልቆጠርም የሚል ደፋር ስላልተገኘ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ችግሩን መረዳት

1.1 የሽያጭ ኃላፊው እንዳብራሩት፣ ሰው ማሽናችንን የሚገዛው ለማሽኑ ሲል ሳይሆን «ሰባት ፊርማ» ለተባለ አንድ ጌም ሲል ነው። በጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ሰባት ፊርማ ማሰባሰብ አለበት። ሰብሳቢው «ይኼ ምኑ ነው ጨዋታ? ሥራ አይደለም እንዴ?» ብለዋል።

1.2 ጌሙን የሠራችው እህቴ ናት፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች። ተፎካካሪያችን ስቱዲዮዋን ሊገዛ ጠይቋታል፤ መልሷንም ዛሬ እስከ 10፡00 ይጠብቃል። እሷ ግን ለእኛ መሸጥ እንደምትመርጥ ገልጻ፣ ሁለቱ ጓደኞቿ ከሥራቸው እንዳይነሱ ብቻ በደብዳቤ ጠይቃለች።

1.3 የፋብሪካ ኃላፊዋ ጌሙ ወደ ተፎካካሪው ከሄደ ማሽናችን በር ከመደገፍ ያለፈ ጥቅም እንደማይኖረው፣ ፋብሪካ ውስጥ ያሉት ስልሳ ሰዎችም አብረው በር ሊደግፉ እንደማይችሉ አሳስበዋል። ሰብሳቢው «አታሟርቺ» ብለዋቸው ወደ ሁለተኛው አጀንዳ ተሻግረዋል።

አጀንዳ 2፦ የትኛው ስቱዲዮ ይገዛ?

2.1 ድርጅቱ ድሮ የራዲዮ ሣጥን ይሠራ ስለነበር፣ ማንኛውም ግዢ የሚመዘነው ያኔ በወጣው «የጣውላ ግዢ መመዘኛ ቅጽ» ነው። ቅጹ እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ለመሻር በቅጹ ማመልከት ያስፈልጋል። መስፈርቶቹ ክብደት፣ ድርቀት፣ ምስጥና ማስቀመጫ ቦታ ናቸው። ሰብሳቢውና የሽያጭ ኃላፊው ባለፈው ሳምንት ሦስት ስቱዲዮዎችን ተዘዋውረው በቅጹ መሠረት መዝነዋል።

2.2 ባለ ዓሣው ስቱዲዮ። እንግዳ መቀበያው ላይ ግድግዳ የሚያህል የዓሣ ገንዳ አለው። ክብደት፦ እጅግ ከፍተኛ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው «ዕቃ ማለት እንዲህ ነው!» ማለታቸው ተመዝግቧል። ድርቀት፦ በገንዳው ምክንያት ነጥብ ተቀንሷል። ምስጥ፦ የለም። የፋብሪካ ኃላፊዋ ስቱዲዮው ለመጨረሻ ጊዜ ጌም ያወጣው መቼ እንደሆነ ጠየቁ። የሽያጭ ኃላፊው ሥራ አስኪያጁ «በዝግጅት ላይ ነን» እንዳሏቸው፣ ዝግጅቱም ሰባተኛ ዓመቱን እንደያዘ አስረዱ። ሰብሳቢው «አየሽ? የማይቸኩሉ ሰዎች ናቸው» ብለዋል።

2.3 የመኪና እሽቅድምድም የሚሠራው ስቱዲዮ። ምድር ቤት ስለሆነ እርጥበት ይዟል ተብሎ ከውድድር ወጥቷል። ጌሙ በሦስት አገር ተሸልሟል፤ ቅጹ ላይ ግን ለሽልማት የተተወ ክፍት ቦታ የለም።

2.4 የእህቴ ስቱዲዮ። ክብደት፦ ሦስት ኮምፒውተርና አንድ ሶፋ። የሽያጭ ኃላፊው «ይኼንማ ባንድ ታክሲ ጭኜ አመጣዋለሁ፤ ለዚህ ነው ስብሰባ የምንቀመጠው?» ብለዋል። ድርቀት፦ በጣም ጥሩ፤ ሰብሳቢው የሚጠጣ ውሃ ጠይቀው አላገኙም። ማስቀመጫ ቦታ፦ ግልጽ ያልሆነው የት እንደሚቀመጥ ሳይሆን ምኑ እንደሚቀመጥ ነው።

2.5 የሽያጭ ኃላፊው ከቅጹ ውጭ አንድ ነጥብ አነሡ፦ «የቤታችን ልጅ አይደለችም እንዴ? የገዛ ልጃችንን በውል እንግዛት? ሰው ምን ይለናል?» የፋብሪካ ኃላፊዋ ሰው የሚለው ነገር ግልጽ መሆኑን፣ ይኸውም «ቤታቸው ያለውን ትተው ዓሣ ገዙ» እንደሚሆን መልሰዋል። የሕግ አማካሪው ተቀስቅሰው ሲጠየቁ «በመርህ ደረጃ ሁለቱም ልክ ናቸው» ብለው ወደነበሩበት ተመልሰዋል።

2.6 የፋብሪካ ኃላፊዋ ከመወሰኑ በፊት አባላቱ ጌሙን እንዲሞክሩት ሐሳብ አቀረቡ። የሽያጭ ኃላፊው «ሳሙና ፋብሪካ የሚገዛ ሰው ሳሙና ይቀምሳል እንዴ?» ሲሉ ተቃወሙ። ሰብሳቢው ግን ፈቀዱ። በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ለእንግዳ መታያ የተቀመጠው ማሽን ወጣ፤ አቧራው ሲራገፍ የሕግ አማካሪው ያለፈቃዳቸው ነቅተዋል።

2.7 ከ9፡20 ጀምሮ የሆነው እንደሚከተለው ነው። ሰብሳቢው ጌሙ ውስጥ ገቡ። በር ላይ ያለው ዘበኛ «ወዴት ነው?» አላቸው። የድርጅቱ መሥራች መሆናቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለስክሪኑ አስረዱ። ዘበኛው ፍንክች አላለም። የዘበኛው ስም በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ታዟል። የሽያጭ ኃላፊው «አባባ፣ እንዲህ አይደለም፣ ለእኔ ይስጡኝ» ብለው መጫወቻውን ተቀበሏቸው፤ ጌሙ ውስጥ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለችው ጸሐፊ ምሳ ላይ ነኝ ስትላቸው ዐሥራ ሁለት ደቂቃ እጃቸውን አጣምረው ጠበቋት። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «የሰው ምሳ አይረበሽም» ብለዋል። የፋብሪካ ኃላፊዋ መጫወቻውን ነጥቀው በስድስት ደቂቃ አራት ፊርማ ሰበሰቡ። ሰብሳቢው «አምጪው፣ ተራው የእኔ ነው» አሉ። «አባባ፣ አንዴ አምስተኛውን ላስፈርም!» «አምጪው ብያለሁ!» በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም ያለ ውይይት ተካሂዷል።

2.8 ከ9፡40 በኋላ እህቴ ሁለት ጊዜ በር አንኳኳች። ሁለቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ነን» ተባለች። ጸሐፊዋ 9፡55 መሆኑን ብታስታውስም ድምፅ እንደሌላት ተነግሯታል።

2.9 በመጨረሻ 10፡20 ላይ፣ ከሰፊ ውይይት በኋላ፣ የሚከተለው ተወስኗል፦
ሀ) ባለ ዓሣው ስቱዲዮ ከነዓሣው ይገዛ።
ለ) «ሰባት ፊርማ» በቤተሰብነት ከእህቴ ይወሰድ፤ ለእሷም ምስጋና በቃል ይቅረብላት።
ሐ) የፋብሪካ ኃላፊዋ ተቃውሟቸው በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠይቀው ተፈቅዷል፤ ከሰፈረ በኋላ እንዲሰረዝ ታዟል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

3.1 እህቴ ምስጋናዋን እንድትቀበል ተጠራች። ንግግሯ አጭር ስለሆነ እንዳለ ሰፍሯል፦ «አባባ፣ እስከ ዐሥር ሰዓት ጠበቅኳችሁ። ደውለው ሩብ ሰዓት ጨመሩልኝ፤ እሱንም ጠበቅኩ። ዐሥር ከሩብ ላይ በስልኬ ፈረምኩላቸው። ልጆቹ ሥራቸው ላይ ይቆያሉ። ጌሙ ግን ከወሩ መጨረሻ በኋላ በእናንተ ማሽን ላይ አይሠራም።»

3.2 የሽያጭ ኃላፊው «እዚህ ኮሪደራችን ላይ ሆነሽ? ለተፎካካሪ?» ሲሉ መደንገጣቸውን ገለጹ። እህቴ «ጋሼ፣ አስገቡኝ ብዬ ነበር እኮ» አለች። የፋብሪካ ኃላፊዋ ለስልሳ ሰው ነገ ጠዋት ምን እንደሚሉ እያሰቡ ይመስላሉ። የሕግ አማካሪው «በመርህ ደረጃ...» ብለው ጀምረው፣ ከተሾሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨርሱት ቀሩ።

3.3 ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኛንስ የሚገዛ ይኖር ይሆን?» ብለው ጠየቁ። የፋብሪካ ኃላፊዋ፣ ሠራተኛው ሳይነካ ድርጅቱ ለተፎካካሪው እንዲሸጥ፣ እህቴም አማላጅ እንድትሆን ሐሳብ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እህቴ አሁኑኑ ልደውል ብላ ስልኳን አወጣች።

3.4 ከመደወሏ በፊት ሰብሳቢው ተፎካካሪው ዘንድ ነገሩን የሚመለከተው የትኛው ኮሚቴ እንደሆነ ጠየቁ። እህቴም ኮሚቴ እንደሌለ፣ የምትወስነው አንዲት ሴትዮ እንደሆነች፣ ሴትዮዋም ጌሙን አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላ ተጫውታ፣ በማግስቱ ውል ይዛ እንደመጣች አስረዳች። ስብሰባው ላይ ሁከት ተፈጠረ። የሽያጭ ኃላፊው «ቅጽ የለ? ጉብኝት የለ? ብቻዋን?» እያሉ ተነሡ። ሰብሳቢው «እንዲህ ያለ መረን የወጣ ቤትማ አንገባም! ስልኩን አስቀምጪው» አሉ። የፋብሪካ ኃላፊዋ «ይደወል! ስለ ፋብሪካው ልጆቼ ስትሉ ይደወል!» ቢሉም፣ በሦስት ድምፅ ተሸንፈዋል። ሰብሳቢው ሁለት ድምፅ የሰጡት ምልዓተ ጉባኤው ላይ እንደ ሁለት ስለተቆጠሩ ነው። የሕግ አማካሪው ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል፣ ወይም አንቀላፍተዋል። እህቴ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መልሳ፣ ለአክስቴ በጆሯቸው የሴትዮዋን ስልክ ቁጥር ነግራ ወጣች።

3.5 የመጨረሻ ውሳኔ፦ ዛሬ ከ8፡47 ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ፣ ባለ ዓሣውን መግዛትም ሆነ ድርጅቱን መሸጥ፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ድርጅቱ ማንንም አይግዛ፣ ለማንም አይሸጥ፣ ለማንም አይደውል።

ስብሰባው 11፡20 ላይ ተበትኗል። ውሳኔውን ለመፈጸም ማንም ምንም ማድረግ ስለማይጠበቅበት፣ ድርጅቱ ከተቋቋመ ወዲህ በተወሰነበት ዕለት ሙሉ በሙሉ የተፈጸመ የመጀመሪያው ውሳኔ ሆኗል።