የጋሽ አያሌው ዋንጫ

አንባቢዬ፣ ሰው ማክበር የሚወድ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኛ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሞልቶልናል። ክፋት የለበትም፤ የሚያከብረውን ሰው ግን አያውቀውም።

የፊዚክስ መምህራችን ጋሽ አያሌው ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ ሲሰብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በክፍል ብቻ መሰለዎት? ማንኩሳ ገበያ ድረስ እየሄዱ፣ እንስራ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ማረሻ ግን ለምን እንደሚጎብጥ፣ ሰብረውና አጉብጠው ለገበሬው ያሳዩ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ታዲያ የሽልማት ኮሚቴው አሰበ፣ አሰበና ተማሪ በሞላበት አዳራሽ የመስታወት ዋንጫ ሰጣቸው።

ጋሽ አያሌው ዋንጫውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። ፊታቸው በራ።

"ልጆች፣ የመጨረሻው ትምህርታችን ይኸው! መዶሻ አቀብሉኝ፤ ስንጥቁ ከየት እንደሚነሣ እናያለን።"

አዳራሹ ተናወጠ። ሰብሳቢው ሁለት ወንበር ዘለው ዋንጫውን እንደ ክርስትና ልጅ አቀፉት።

"ኧረ በሞቴ፣ ጋሼ! ክብርዎ እኮ ነው!"

"ክብሬማ ልጆቹ ቢያዩት ነበር" አሉ ጋሽ አያሌው ቀስ ብለው።

ቀልድ መስሎን አጨበጨብን። ከዚያ ሁሉ ሰው መዶሻ የሚያቀብል አንድ እንኳ ጠፋ። እሳቸውም የሸለምናቸውን ጋቢ ተከናንበው ወጡ፤ ዳግም አላስተማሩም።

ዋንጫው ዛሬም ስማቸውን እንደያዘ በትምህርት ቤቱ ቁምሳጥን ተቆልፎበታል። ባለፈው አንዲት ተማሪ ዘበኛውን "እኒህ ሰውዬ ምን ነበር የሚያስተምሩት?" ስትለው ሰማሁ።

ዘበኛው ዋንጫውን አየት አድርጎ ትንሽ አሰበ።

"ዕቃ አያያዝ ሳይሆን አይቀርም" አላት።