የወርቅ ጥርስ ያላት በቅሎ

«ታሪኩን የማያውቅ ጦር ጠላቱንም አያውቅም።» ይህን ያሉት የጦር ሰፈራችን የቅርስና የጥንታዊ ሀብት ገምጋሚ ኮሚቴ ሊቀመንበር ዶክተር ስቴፈን ናቸው። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ስላልነበረ ጥልቅ ነው ተብሎ ተጨበጨበ።

የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከጁባ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን የመኮንኖች ክበብ ሊሠራ ስለታሰበ፣ ለጋሾቹ «ከመገንባታችሁ በፊት መሬቱ ያቀፈውን ታሪክ አጥኑ» አሉ። ኮሚቴውም ግቢውን በገመድ እየሸነሸነ፣ ያየውን ሁሉ በሜትር እየለካ አጠና። በጦርነቱ ጊዜ እስረኞች ይታጎሩበት የነበረው የቆርቆሮ መጋዘን ግድግዳው ላይ በምስማር የተጫሩ ስሞች ነበሩበት። ኮሚቴው በጥንቃቄ መርምሮ ጽሑፉ እንደማያምር ስላረጋገጠ ግድግዳው ቀለም ተቀባ።

ጥረት ግን ፍሬ አያጣም። ግቢው ውስጥ ካለ የኒም ዛፍ ሥር፣ ሣር የዋጠው አንድ ድንጋይ ተገኘ። በእንግሊዝኛ «ቤሲ፣ ታማኝ በቅሎ» የሚል ተቀርጾበታል። በቅኝ ግዛት ዘመን የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን በቅሎ ኖራለች። ዶክተሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እኛም አወለቅን።

ወሬው ጁባ ውስጥ ማንጋቴን የሚባለው መንደር ደረሰና እዚያ የምትኖር ዩኒስ የምትባል መምህርት መጣች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ሰፈሩን ይዞ የነበረው ጦር ወስዶ አልመለሳቸውም። አብሯቸው ታስሮ የተረፈ አንድ ሽማግሌ «ኒሙ ሥር፣ ድንጋዩ ጋ ቀበሯቸው» ብሎ ነግሯታል። የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ኡጁሉ ፊት ቆመች። ሁለቱም ጋምቤላ በስደት ያደጉ በመሆናቸው ነገር ሲከር አማርኛ ይቀናቸዋል።

«ኮሎኔል፣ አባቴን ስጡኝና ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ልቅበረው። ሌላ የምፈልገው የለም።»

«ማሌሽ፣ አዝናለሁ ልጄ። እዚያ ያለችው በቅሎ ናት።»

«ቆፍራችሁ አያችሁ?»

«ምን መቆፈር ያስፈልጋል? ተጽፏል እኮ!»

ኋላ ግን መቆፈር አስፈለገ። አጽሙ በክብር ሣጥን ገብቶ፣ የቅርሱ ሥፍራ በሚመረቅበት ቀን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ በሲሚንቶ ሊታሸግ ተወሰነ። አጥንት እንደታየም ቁፋሮው ቆመ፤ ከዚያ በታች መሄድ ሳይንሱን ከማወሳሰብ በቀር ጥቅም አልነበረውም። እንዲያውም የተገኘው ብቻ ለሳይንስ ብዙ ነው። አንደኛ፣ በቅሎዋ ሁለት እግር ብቻ ነበራት። ኮሚቴው የቀሩትን ሁለቱን ዘመን እንደበላቸው ገመተ። ከጎድን አጥንቷ መሐል የሸሚዝ ቁልፎች ተለቀሙ። ከላይኛው መንጋጋዋ ላይ ደግሞ የወርቅ ጥርስ ብልጭ አለ።

ዩኒስ ጎንበስ ብላ ጥርሱን አየችው።

«የአባቴ ነው» አለች። «ካርቱም ነው ያስተከለው። ሲስቅ በግራ በኩል ይታይ ነበር።»

«እህቴ» አሏት ዶክተሩ በሐዘኔታ፣ «እንግሊዞች ለእንስሶቻቸው የሚያደርጉትን እንክብካቤ አታውቂም።»

«ሸሚዙስ?»

«የጁባን ትንኝ እያወቅሽ ትጠይቂኛለሽ?»

ኮሎኔሉ ዶክተሩን ወደ ጥግ ሳብ አደረጓቸው። «ዶክተር፣ በእግዜር፣ ሰው ቢሆንስ?»

«ሰው ከሆነ በቅርብ የሞተ ነው። ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ሟች ታሪክ አይባልም፤ ጉዳይ ነው የሚባለው። ጉዳይ ከተከፈተ ማን ገደለው ይባላል። ማን ገደለው ከተባለ ደግሞ ገዳዩ ዛሬ የትኛው ቢሮ ተቀምጦ እንደሚገኝ ማን ያውቃል?»

ኮሎኔሉ ባርኔጣቸውን አጠበቁ። «ካላስ፣ አለቀ። በቅሎ ናት።»

ምረቃው ነገ ነው። ሣጥኑ አንዴ ከታሸገ መክፈት ቅርስ ማፍረስ ነው፤ ቅርስ ያፈረሰ ይታሰራል። ዩኒስ ግን ከቢሮው በር አልነቃነቅ አለች። ዶክተሩ ሲሰለቻቸው ደንቡን አነበቡላት።

«አጽም የሚሰጠው ለሟች የቅርብ ዘመድ ነው። ዘመድ ያልተገኘለት ይታሸጋል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?»

«ልጁ ነኝ አልኩ እኮ!»

«የማን? የቤሲ?» ዶክተሩ ሳቁ። «እንግዲያው የበቅሎ ልጅ ነኝ ብለሽ ፈርሚና ውሰጂያ!»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይፈርምም የሚለው ግምታችን፣ እንደ ሌሎቹ ግምቶቻችን ሁሉ፣ በጥናት የተደገፈ ነበር።

ዩኒስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳች።

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። በአህያ አፍራ ነው። እኔ በአባቴ አላፍርም። በቅሎ በሉት፣ ጉማሬ በሉት፤ የቱ ጋ ልፈርም?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ዶክተሩ ደንቡን መልሰው አነበቡት፤ መውጫ ቀዳዳ አልነበረውም፤ ራሳቸው ነበሩ ያረቀቁት። ዩኒስ ፈረመች። ኮሎኔል ኡጁሉ ወታደር አልጠሩም፤ ሣጥኑን እስከ ዋናው በር ራሳቸው ተሸከሙላት። እዚያ ሲያስረክቧት ዝቅ ባለ ድምፅ «ነፍስ ይማር» አሉ። ለበቅሎ እንዲህ እንደማይባል አሳምረው ያውቃሉ።

ምረቃው በሰዓቱ ተካሄደ። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ታሸገ፣ የብረት አጥር ታጠረለት፣ ሁለት ዘብ ቆመለት። ዶክተር ስቴፈንም «በቅሎ አትወልድም» የሚለው ኋላ ቀር አመለካከት በፊርማ በተረጋገጠ ማስረጃ መሻሩን በንግግራቸው አበሰሩ። የክብር እንግዶቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

እንግዶቹ ሲበተኑ አንድ ጋዜጠኛ ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ ዘቡን ጠየቀው።

«ምንድን ነው የምትጠብቁት?»

«ታሪክ» አለ ዘቡ ኮስተር ብሎ።

ጋዜጠኛው በብረቱ መሐል አጮልቆ ሲሚንቶውን አየ። «እና የታለ?»

«ማንጋቴን ነው ያለው» አለ ዘቡ። «ልጁ መጥታ ወሰደችው።»