የጠራ ምርቃት

አንድ ነገር ልጠይቃችሁማ። ኢርፎናችሁ ጫፍ ላይ ያለችውን ላስቲክ ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ከዕቃው ጋር ተለቅ ያለችና አነስ ያለች መለዋወጫ በትንሽ ከረጢት ትመጣለች፤ እናንተ ግን ከነካርቶኑ ትጥሏታላችሁ። ከዚያ "ይሄ ነገር ቤዝ የለውም" እያላችሁ የሸጠላችሁን ሰው ትረግማላችሁ። ነጋዴው ምን ያድርግ? ላስቲኳ ካነሰች ድምፁ በጎን ይሾልካል፣ ከተለቀች ጆሮ ታቆስላለች። ጫማ ሳትለኩ አትገዙ፤ ጆሯችሁ ምን በደላችሁ?

እኔ እዚህ ሐይቅ ከተማ የባጃጅ መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ስሜ ሰይድ ነው፤ ግን ሰይድ ብላችሁ ብትጠይቁ ሱቄን የሚያሳያችሁ አታገኙም። "ሰይድ ጆሮ" በሉ፣ ከመናኸሪያው ጀምሮ እጃችሁን ይዘው ያመጧችኋል። ሌላው ሰው ሚኒባስ ውስጥ የተከፈተለትን ዘፈን ዝም ብሎ እየሰማ ይሄዳል። እኔ ግን "በግራ በኩል ያለው እስፒከርህ ተቀዷል" ሳልል መውረድ አልችልም። ሾፌሮቹ ሲያዩኝ ዘፈኑን ይዘጋሉ አሉ።

በሽታው የጀመረኝ የአክስቴ ልጅ ከሳዑዲ ስትመለስ ማጫወቻ ያመጣችልኝ ጊዜ ነው። ስልክ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው ዘፈን ማጫወት ብቻ የሆነ፣ ኪስ የምትገባ ዕቃ ናት። አብሯት ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚይዝ ትልቅ ሄድፎን ነበር። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ሜሞሪዬን ይዤ ዘፈን የሚጭኑበት ሱቅ ሄድኩና አስሞላሁ። ደስ ብሎኝ ሄድፎኑን ደፋሁት። ምን ብሰማ ጥሩ ነው? ቆርቆሮ! ለካ ያ ሁሉ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ተጨምቆ ተጨምቆ ገለባው ብቻ ነው የቀረው። ገለባ ዘርቶ ጤፍ የሚጠብቅ አለ?

ደሴ ድረስ ሄጄ ከአንድ የካሴት ሰብሳቢ ዘንድ በወጉ የተገለበጠ የድሮ አምባሰል አገኘሁ። ያልተጨመቀ! ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ወላሂ፣ ዞሬ ከኋላዬ አየሁ። ክራር መቺው እዚያ የተቀመጠ መስሎኝ ነው። ጥፍሩ ጅማቱን ሲነካ ይሰማል። ከመዝፈኑ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል። ስሙን ከአገሬ የወሰደውን፣ ዕድሜዬን ሙሉ በየሠርጉ የጨፈርኩበትን ቅኝት፣ ያኔ ገና ሰማሁት። እንባዬ መጣ፤ ምን ይዋሻል። መረባቸውን የሚያራግፉት ዓሣ አጥማጆች መርዶ የደረሰኝ መስሏቸው ሊያጽናኑኝ መጡ።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለኝ! ላገኘሁት ሁሉ አስተማሪ ሆንኩ። ድምፁን እስከ ጥግ አትክፈቱ፤ ትንሽ ዝቅ ስታደርጉት ነው ሁሉም በየቦታው የሚቀመጠው። ቤዝ ብቻ አትጨምሩ፤ ወጥ በበርበሬ ብቻ አይሠራም። የኢርፎኑን ወንፊት ጥረጉ፤ ዘፋኙን ያፈነው የገዛ ኩካችሁ ነው። ደንበኛ ፍሬን ሸራ ሊገዛ መጥቶ ጆሮውን አሳይቶኝ ይሄዳል። እናቴ በመጨረሻ ለጎረቤት "ይሄ ልጅ የሰው ጆሮ ማየት ጀምሯል፤ እባካችሁ ዱዓ አድርጉለት" ብላ ተናገረች።

ዱዓ ካልን አይቀር ወደ ነገሬ ልምጣ። ታናሽ እህቴ መዲና ልታገባ ሆነ። አባታችን በልጅነታችን ነው የሞተው፤ ያሳደጉን የእናቴ ታላቅ ወንድም አብዬ ይማም ናቸው። አገራቸው አምባሰል ነው፣ ከውጫሌ ወደ ላይ ወጣ ብሎ። አብዬ መራቂ ናቸው። ወለዬ የማይመርቅ ማን አለ ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ እኛ አገር ውሃ ያጠጣህን እንኳ ሳትመርቅ አትነሳም። የሳቸው ግን ሌላ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጅ ሲድር፣ ጎጆ ሲያወጣ፣ በሬ ሲገዛ እሳቸውን ነው የሚጠራው። መዲና ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳይመርቋት ከቤት ወጥታ አታውቅም። ለፈተና እንኳ እሳቸው እጃቸውን ሳይዘረጉ እርሳሷን አትይዝም ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ አብዬ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸውን ተመቱ። ሐኪሙና ወጌሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው ከአልጋ እንዳይወርዱ አሉ። መዲና ምግብ አልበላ አላት። ያለ አብዬ ምርቃት እግሬን ከደጅ አላወጣም አለች። ሠርጉ አይራዘም ነገር፣ የሙሽራው ወገን ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሊመጣ ድግሱን ጨርሷል። እሷው አሰብ አድርጋ ታዲያ በስልክ ቢመርቁኝስ አለች። በስልክ! እዚያ ተራራ ላይ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ድምፁ ዘይት ውስጥ እንደገባ ዓሣ እየተንጣጣ፣ በሠርግሽ ቀን? ሰይድ ጆሮ ወንድምሽ ሆኖ? እኔ እያለሁ አይደረግም አልኩ።

"አብሽሪ" አልኳት። "ቀድቼ አመጣልሻለሁ። ከአብዬ ይበልጥ አብዬን ነው የምትሰሚው።"

ጥሩ ማይክራፎን ተውሼ በሚኒባስ ውጫሌ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ወጣሁ። አብዬ ይማም ሊመርቁ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ደርሶ ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። ምርቃት አለ ሲባል እኛ አገር የሚቀር የለም። እባካችሁ ድምፅ አታሰሙ ብዬ ለመንኳቸው፤ በጄ አሉኝ፤ ግን መች አስችሏቸው። አብዬም ግራ ገባቸው። ሙሽሮቹ በሌሉበት ለማን ልመርቅ ብለው ጠየቁኝ። አንቱ ብቻ ይናገሩ፣ የቀረውን ለኔ ይተዉት አልኳቸው። ማይኩን እያዩ ሳል ሳል አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ሐይቅ ተመልሼ የሠርግ ቪዲዮ ከሚሠራው ጓደኛዬ ከደጀኔ ኮምፒዩተር ላይ ቅጂውን ጣድኩት። ድምፁን ገልብጦ እንደ ተራራ ሰንሰለት የሚያሳይ ፕሮግራም አለው። አጥቦ፣ አጥርቶ፣ አበጥሮ መስጠት ነው። ላሟን አወጣሁ። ዶሮውን አወጣሁ። የአብዬን ሳል አወጣሁ። በየመሃሉ ግው እያለ የሚገባውን የጎረቤት ሁካታ ሙልጭ አድርጌ ጠረግኩት። ሁካታው የነበረበት ባዶ ሲቀር ባዶውንም ቆርጬ ጫፍና ጫፉን ገጠምኩት። ደጀኔ አየት አድርጎ ምርቃቱ ግማሽ ሆነ እኮ አለኝ። ሥቡን ነው ያነሳሁት፣ ሥጋው አለ አልኩት።

ከዚያ ሄድፎኔን ደፍቼ ሰማሁት። ኧረ ምን ሰማሁት ብቻ፣ ደጋግሜ ጠጣሁት! ደረታቸው ውስጥ ያለው ጎርናና ድምፅ፣ ከንፈራቸው ሲላቀቅ፣ ምራቃቸውን ሲውጡ፣ ሁሉም አለ። ምን እያሉ እንደነበር ግን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። ድምፁን እንጂ ቃሉን መች አዳመጥኩ።

የሠርጉ ዕለት የሙሽራው ወገን መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ የመውጫዋ ሰዓት ደረሰ። መዲና ለብሳ፣ ተሸፍና፣ ከእናቴ አጠገብ ቆመች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ማጫወቻዬን ከደጀኔ እስፒከር ጋር በገመድ አገናኘሁ። በብሉቱዝ አይደለም፤ ብሉቱዝ ይጨምቃል። ተጫንኩት።

"ውለዱ፣ ክበዱ" አሉ አብዬ። ያ ረቢ! አልጋ ላይ የተኙት ሽማግሌ ድንኳኑ መሃል የቆሙ ነው የሚመስለው። ሴቶቹ እንባቸው መጣ። እኔ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ሰው ሁሉ አሚን ሊል አፉን ሲከፍት አብዬ "ጎጆአችሁ ይሙቅ" ብለው አልፈዋል። አሚኑ ጎጆውን ዋጠው። ለጎጆው አሚን ሊባል ሲል ሌላው ምርቃት መጣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ እንደ ቆሻሻ ጠርጌ ያወጣሁት የጎረቤት ሁካታ ለካ አሚን ኖሯል። ቆርጬ የጣልኩት ባዶ ቦታም ለአሚን የተተወ ቦታ ነበር።

ሰዉ ደግሞ ወለዬ ነው፤ ምርቃት ሰምቶ አሚን ሳይል አያልፍም። አብዬን ማሳደድ ያዘ። እሳቸው ይሮጣሉ፣ ሰዉ ይከተላል። እስፒከሩ "በሽታ፣ ድርቅ፣ ጠብ" ሲል ድንኳኑ በሙሉ ጉሮሮው "አሚን!" አለ። "ከደጃችሁ አይድረስ" የሚለው በአሚኑ ተውጦ ቀረ። "የምቀኛ ዓይን" ሲል አሁንም "አሚን!" ወጣቶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። አሮጊቶቹ "አስተግፊሩላህ" እያሉ መዳፋቸውን ሰበሰቡ። ጎረቤታችን እማሆይ ሦስቴ አማተቡ። እኔ ማጥፊያውን ባገኘው አይደል! ሊያጌጡ ይመላለጡ ማለት እንዲህ ነው።

መዲና ተመልሳ ተቀመጠች።

"በሽታና ድርቅ አሚን ተብሎብኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" አለች።

ተለመነች፣ እምቢ። ተቆጧት፣ እምቢ። የሙሽራው አባት ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቻቸው እርስ በርስ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ልጅቷ ልጃችንን አልፈለገችውም እንዴ የሚል ነገር ጆሮዬ ደረሰ። ጆሮ መሆኔን የጠላሁት ያኔ ነው። ሙሽራው ላቡን ይጠርጋል። ሠርጉ በኔ እጅ ሊፈርስ ነው። እናቴ ሰዉን ገፍታ አጠገቤ ደረሰች። ከዚያ ስልኬን ከኪሴ ራሷ አወጣችና "ደውል" አለችኝ።

ደወልኩ። የአብዬ ስልክ እምቢ አለ። ደግሜ ደወልኩ፤ ገባ። ስልኩን ወደ ድንኳኑ ማይክ ባስጠጋው እስፒከሩ ሲያፏጭ ጊዜ እናቴ ድምፁ ጎላ እንዲል የፕላስቲክ ጆግ አምጥታ ስልኩን ውስጡ ከተተችው። ጆጉን መዲና ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሰው ሁሉ ዙሪያዋን ተጠጋ። አብዬ መጀመሪያ የቤቱን ሰው ሁሉ በየስሙ ደኅንነት ጠየቁ፤ እኛ አገር ሰላምታ ሳያልቅ ምርቃት አይጀመርም። ከዚያ ጀመሩ። ይንጣጣል፣ ይቆራረጣል፣ ከኋላቸው ላሟ ትጮኻለች። "ውለ... ክበዱ" አሉ። "አሚን!" አልን። አብዬ ዝም አሉ፤ አሚናችን ተራራውን እስኪወጣ ይጠብቃሉ። የዚያኛው ቤት ጎረቤትም የራሱን አሚን አከለበት።

"ደረሰኝ" አሉ አብዬ፤ ቀጣዩን ምርቃትም ላኩልን።

እንዲህ እየላኩ፣ እየላክን፣ "በሽታ፣ ድርቅ፣ ጠብ" ላይ ሲደርሱ ኔትወርኩ ጥፍት! ድንኳኑ ትንፋሹን ያዘ። ማንም ትን አላለውም፣ ሕፃን እንኳ አላለቀሰም፤ አንዲት አሚን እንዳታመልጠው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ገጥሟል። የሙሽራው አባት በእጃቸው አፋቸውን ይዘዋል። መዲና ጆጉን ጭምቅ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። ቆየና ጆጉ ውስጥ ተንጣጣ።

"...ከደጃችሁ አይድረስ።"

የዚያን አሚን ነገር አልነግራችሁም! የድንኳኑ ካስማ ያልተነቀለው በአላህ ኃይል ነው። መዲና እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ ጆጉን ለእናቴ ሰጥታ በቀኝ እግሯ ወጣች።

ከሠርጉ በኋላ አብዬን ልጠይቅ ወጣሁ። ዳሌያቸው ደህና ሆኗል፣ ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ሰው ግን ክፉ አመል አይለቀውም፤ ማጫወቻዬን ይዤያለሁ። ሠርጉን ያበላሸውን ያበላሽ፣ ድምፁ ግን ድምፅ ነው፤ ባለቤቱ አንዴ ይስማው ብዬ ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ ደፋሁት። የጆሮ ማቀፊያውን አስተካከልኩ፣ ድምፁን በልኩ አደረግኩ፣ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ አውልቀው በግርምት አዩኝ። እኔ ምስጋናዬን ልቀበል ተዘጋጅቻለሁ።

"ሸጋ ይመርቃል" አሉኝ። "የየት አገር ሰው ነው?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው። ምን ልበል? የሩቅ አገር ሰው ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምስኪን! አሚን የሚልለት ሰው አጥቶ እኮ ነው እንዲህ የሚጣደፈው። በል እጅህን ዘርጋ፣ እኛ እንበልለት።"

ሄድፎኑን መልሰው ደፉት። እኔም እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ራሳቸውን በነቀነቁ ቁጥር አሚን እላለሁ። ለምኑ አሚን እንደምል ግን አላውቅም፤ አንዲት ቃል አይሰማኝም። በጣም ጥሩ ሄድፎን ነው፤ ድምፅ አያሾልክም።